ዓይኔ ደህና ነው

ሚያዝያ 3

ጻፊ። ሱቅ ከፈትኩ። ጠረግሁ። መስታወቱን በጋዜጣ ወለወልኩ። አራት ራስ ቆረጥኩ። ጢም አልነካሁም። እስከ ምሳ ይኸው ነው።

«አጀማመሩ እንዲህ አይደለም ጋሼ» ትለኛለች ጸሐፊዋ። ታዲያ እንዴት ነው? እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይህን ከአሁኑ ጻፊው፣ አላፍርበትም። እሷ በሱቄ ግድግዳ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ለፍርድ ቤት ባለጉዳይ ማመልከቻ የምትጽፍ ሴት ናት። የጥላ ኪራይ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም የጽሕፈት ዋጋ አትጠይቀኝም። ተስማማን። እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ ስላት፣ «አመልካች በዛሬው ዕለት የንግድ ሱቃቸውን ከፍተው...» አለች። ቅደጂው! አመልካች አይደለሁም። ማንም ላይ አላመለክትም። «እኔ» ብለሽ ጻፊ። እንደምናገረው። ስሳደብ ስድቡን።

«ለማን ነው የሚሰጠው?» ለማንም። ለራሴ ነው። «እርስዎ እኮ ማንበብ...» አልችልም። ቢሆንም የኔ ነው። ሆዴ ውስጥ የታፈነ ነገር አለ። ከአፌ ቢወጣ ይቀለኝ ይሆናል ብዬ ነው። ዛሬ ግን አላወጣውም። ዛሬ የሱቁን ብቻ።

ጡሩምባ መጥቶ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ድምፁን ከሰማሽ ግን ለምን ጡሩምባ እንደምንለው አትጠይቂም። ወንበሬ ላይ ተዘረጋና አንገቱን ወደ ኋላ ጣለ።

«በል አባባ፣ ሙሽራ አድርገኝ።»

«ጢም ትቻለሁ።»

«ምን ማለት ነው ትቻለሁ? ሲጋራ ነው እንዴ?»

ምን ልበለው? ምላሴ ላይ የተገኘውን አልኩ። «ዓይኔ... ጭጋግ ጭጋግ ይለኛል።» ዝም አለ። ጡሩምባ ዝም ሲል ዛሬ አየሁ። «አይዞህ» አለና ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ደስ አላለኝም።

ሚያዝያ 6

ዛሬ ልንገርሽ። እስክጨርስ ብዕርሽን አታስቀምጪ።

ዓይኔ ደህና ነው። የዚያን የማዶ ሱቅ ስልክ ቁጥር ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፤ ማንበቡ ነው ያልሆነልኝ። የታመመው ሌላ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ አስተማሪ ጢም እየላጨሁ ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ቂም የለንም። ምላጩ ማንቁርቱ ላይ ደርሷል። ድንገት አንድ ሐሳብ መጣ። ‹አሁን ብትስበውስ?› ድምፅ አይደለም፤ ይህን በደንብ ጻፊው፣ የሌላ ሰው ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የራሴው ሐሳብ ነው። ደሙን ሁሉ አየሁት። ላብ አጠመቀኝ። ሌላ ምላጭ ላምጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እጄን አየሁት። ያው እጄ ነው። ስንት ሙሽራ፣ ስንት ሬሳ የላጨሁበት እጄ።

የድካም ነው ብዬ ነበር። በማግሥቱ ደግሞ መጣ። ከዚያ በየቀኑ። ሰው ወንበሩ ላይ አንገቱን ሲጥል ይመጣል። የምወደው ሰው ሲሆን ደግሞ ይብስበታል... ለምን? አላውቅም። ነፍስ አጥፍቼ አላውቅም፤ ዶሮ እንኳ ሚስቴ ናት ለሰው ሰጥታ የምታሳርደው። ግን አንድ ቀን እጄ ቢያመልጠኝስ?

የጸሐፊዋ ብዕር ቆመ። ወንበሯንም ገፋ አደረገች። አየሁሽ። ጻፊው፣ ወንበርሽን እንደገፋሽ ጻፊው።

«ገፋሁ እንዴ?»

ገፍተሻል።

መልሳ ሳበችው። «ሰው ለገደሉ ሰዎች ማመልከቻ ጽፌያለሁ ጋሼ። እንደ እርስዎ ላብ ያጠመቀው ግን አላየሁም» አለችኝ። ለማጽናናት ይሆናል። የሆድን በሆድ እይዛለሁ ብላ በእናቷ ማለች።

ሚያዝያ 9

ጢም የሚላጭ ሰው አልመጣም። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ተናደድኩ። ገበያ ሲጠፋ ደስ የሚለው ነጋዴ የት አገር አለ?

ሚያዝያ 12

የቤቴን አልነገርኩሽም።

ሐሳቡ ሱቅ ውስጥ አይቀርም። አብሮኝ ቤት ይገባል። ሚስቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላዋው ያብለጨልጫል፤ ያኔ እሷ ላይ ይመጣል። እሷ ላይ! አብራኝ ያረጀች ሴት ላይ። ቢላዋውን ቁምሳጥን ላይ ወረወርኩት። ፊት ለፊቷ አልበላም፣ ሳህኔን ይዤ ደጃፍ እወጣለሁ። መኝታዬንም ሳሎን አደረግሁ፤ ወገቤ ነው ብያታለሁ። ለደንበኛ ዓይኔ፣ ለሚስቴ ወገቤ። በዚህ ከቀጠልኩ ደህና ቦታ አይተርፈኝም።

ዛሬ ጠዋት ፊቴ ቆመች። «ሽንኩርቱን በጥርሴ ልክተፈው? ቢላዋዬን የት አደረስከው?» አለችኝ። «ሰለቸሁህ? በዚህ ዕድሜህ?» ምን እላታለሁ? እንዳላርድሽ ነው የሸሸሁሽ ልበላት?

አለቀሰች። ስታለቅስ እንባዋን ልጠርግላት እጄን ልዘርጋ አልኩና ኪሴ ከተትኩት።

ሚያዝያ 17

አከራዬ መጣ። ኪራይ ሲጠይቅ ሁልጊዜ አስቀድሞ ይስላል። ሳለ። «ገበያ እንዴት ነው?» አለ። ወንበሮቹን አየ። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሟቹ ባልንጀራዬ ይሠራበት የነበረው ነው፣ ባዶውን ቆሟል። «ማዶ ያሉት ልጆች ቦታ ጠቧቸዋል» አለኝ። ገባኝ። ያልገባኝ መስዬ ቆምኩ።

ነገሩን ላስረዳሽ፤ ፀጉር በቶንዶስ ማንም ይቆርጣል። ማዶ ያሉት ልጆች ሙዚቃ እየከፈቱ ይቆርጣሉ፣ ከኔ ርካሽ ናቸው። እኔ ጋ ሰው የሚመጣው ለጢም ነው። ለፍል ውሃ ፎጣው፣ ለእጄ። ጢም ከተውኩ ምን ቀረኝ? ወሬ ብቻ። ወሬ ደግሞ ኪራይ አይከፍልም።

ከላጨሁ አብዳለሁ። ካልላጨሁ እራባለሁ። ይኸው ነው ሒሳቡ። ፊደል አይጠይቅም።

ሚያዝያ 19

ቅዳሜን የሚያህል የገበያ ቀን ዘግቼ ሐኪም ቤት ዋልኩ። ጸሐፊዋ ናት አስር ጊዜ የነዘነዘችኝ። የጭንቅላት ሐኪም ጋ። በሩ ላይ የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ኮቴን አንገቴ ድረስ ሰቅዬ ገባሁ።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ የልጅ ልጄ ልትሆን ምንም አልቀራት። መናገር አቃተኝ። ዓይኔ ነው ልላት ሁላ ነበር! በመጨረሻ አፈረጥኩት። ግድግዳውን እያየሁ ነው የተናገርኩት።

«ሐሳቡ ሲመጣ ደስ ይልዎታል?» አለችኝ።

«ደስ? አንቺ ልጅ፣ ምን ነካሽ!»

«ታዲያ ምን ያደርጋሉ?»

«ምላጩን እጥላለሁ። እጄን እደብቃለሁ። ሚስቴን እሸሻለሁ።»

«ማድረግ የሚፈልግ ሰው ምላጩን ይስላል እንጂ አይጥልም አባቴ። ይኼ በሽታ ነው። ስም አለው።» ስሙን ነገረችኝ፤ ረጅም ነው፣ አልያዝኩትም። ብዙ ሰው አለበት አለች። አራስ እናት እንኳ በገዛ ልጇ ላይ ይመጣባታል አለች፣ አትናገርም እንጂ። «ሲመጣ አይታገሉት። ይቀመጥ። እርስዎ ሥራዎን ይቀጥሉ።»

«እንደማይከፍል ደንበኛ?»

ሳቀች። «ልክ እንደሱ።»

ክኒን አዘዘችልኝ። ዋጋውን ስሰማ ሐሳቡ ራሱ ደነገጠ። ለኪራይ ያስቀመጥኩትን ከፈልኩ። ስወጣ ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ትንሽ ቀለል ብሎኝ ነበር። ስም አለው። ስም ያለው ነገር ከሆነ እኔ የመጀመሪያው አይደለሁም ማለት ነው።

ሚያዝያ 25

ክኒኑ አፌን ያደርቀዋል። እጄን ደግሞ... ተመልከቺው፣ እንደ ቅጠል። ሐኪሟ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያደርጋል፣ ይታገሡት ብላኝ ነበር። እሷ ትታገሥ፤ መቀስ አትይዝ።

ሚያዝያ 28

ዛሬ የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ጫር አደረግሁት። በመቀስ። አንዲት ጠብታ ደም።

ሰውየው «ምንም አይደል አባባ፣ ዓይንህ ነው» አለ። ሳቀም። እኔ ግን መቀሱን አስቀምጬ ጓዳ ገባሁ። ጀመረ አልኩ። እጄ ጀመረ...

ሐሳቡን የሚያድን ክኒን እጄን ይወስዳል። እጄን ካተረፍኩ ሐሳቡ ይወስደኛል። አንዱን ምረጥ ቢሉኝ የትኛው ይሻላል? እጅ ያበላል። ክኒኑን ተውኩ። ሐኪሟን አልጠየቅኩም። ጸሐፊዋ ተቆጣች። ትቆጣ።

ግንቦት 2

እጄ ረጋ። ራሴ ፈላ። መቀስ ሳነሳም ይመጣል አሁን። ፎጣ ሳነሳ እንኳ... በፎጣ ምን ይደረጋል? ‹ይታነቃል› ይለኛል። ለሁሉም መልስ አለው።

ግንቦት 3

እጄን በር ውስጥ ከትቼ በሩን ልዘጋበት ቆሜ ነበር። አልዘጋሁትም። ጸሐፊዋ ከውጭ «ጋሼ፣ ቀለም አለቀብኝ፣ ገንዘብ ይዘርዝሩልኝ» ብላ ጠራችኝ። ቀለም እንዳላለቀባት አውቃለሁ።

ግንቦት 5

ጉድ መጣ። ጻፊ።

ከሰዓት በኋላ ጡሩምባ ገባ፣ ከኋላው አስተማሪው፣ ከሱ ኋላ ወፍጮ፤ ከመንገዱ ጫፍ ያለው የወፍጮ ቤት ባለቤት ማለቴ ነው፣ ፀጉሩ ዓመቱን ሙሉ ዱቄት ነው። ሌሎችም አሉ። በሩ ላይ ተደርድረው ቆሙ። የሞተ ሰው ያለ ነው የመሰለኝ።

ጡሩምባ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥቶ መስታወቱ ሥር አስቀመጠ። «ለዓይንህ ነው» አለ። «መዋጮ ነው። አውቶቡሴ ውስጥ የተሳፈረ ሁሉ አዋጥቷል። ያላዋጣ አላወረድኩም።» ሳቁ። «ወፍጮ እንኳ ሰጠ! ወፍጮ! ታምሩን አየህ?»

ወፍጮ ፊቱ ቀላ። «ሰው ባለበት አትናገር» አለ።

አስተማሪው እጄን ያዘ። ያ ሰው፣ ያ መጀመሪያ ሐሳቡ የመጣበት ሰው። «ብርሃንህን ይመልስልህ» አለኝ።

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ እምቢ ልበል? እኔ ከማንም እጅ ወስጄ የማላውቅ ሰው ነኝ። ልጄ ከሩቅ ሲልክልኝ እንኳ እመልስበታለሁ። ቆርቆሮውን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ድምፄ ልክ ያልሆነ መሰለኝ፤ እነሱ ግን አልቅሷል ብለው አዘኑልኝ።

ለኪራዩም ለክኒኑም ይበቃል። ተርፎም ይተርፋል። ለታመመ ሰው ነው የሰጡት አይደል? እኔስ አልታመምኩም? ምኔ እንደታመመ ነው እንጂ የተሳሳቱት... እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ዋልኩ። ሌባ ሁሉ እንዲህ ሳይል ይቀራል?

ግንቦት 6

ሚስቴ ከጎረቤት ሰምታ ሱቅ ድረስ መጣች። ስትገባ በሩን ዘጋችው። ጸሐፊዋ ከውጭ ነበረች፤ ይህን አሁን ነው የምነግራት።

«ዓይንህ ታሟል አሉኝ። መዋጮ ተሰብስቦልሃል አሉኝ።»

«አዎ።»

«ትናንት መርፌዬ ውስጥ ክር ያስገባልኝ ማነው?»

መቀሱን መወልወል ጀመርኩ።

«እኔ ነኝ የማላየው። አንተማ ጥቁር ክር በጥቁር መርፌ ታስገባለህ። እስክትነግረኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። አሁን ግን የሰው ገንዘብ ገባበት። ተናገር።»

ተናገርኩ። ጀርባዬን ሰጥቻት፣ ወደ መስታወቱ፤ ለካ መስታወት ውስጥ ታየኛለች። ሁሉንም ነገርኳት።

«እኔንም?» አለች።

«አንቺንም።»

«ሽንኩርቱ... ሳሎኑ... ለዚህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

ቁጭ አለች፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ላይ። «አልፈራህም ልልህ ፈለግኩ» አለችኝ። «ትንሽ ፈራሁ። ልዋሽህ አልችልም። ግን ሌላ ሴት ይሆን፣ ጠልቶኝ ይሆን ብዬ ካሳለፍኩት ይኼ ይሻለኛል።» ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ገንዘቡን መልስ። ባሌን የተጠራጠርኩት ይበቃኛል፣ ሌባ ባል አልጨምርበትም።»

«ከመለስኩ ለምን መለስክ ይሉኛል።»

«ንገራቸዋ።»

«ማን ይቀመጥልኛል ከዚያ በኋላ? በምን እንበላለን?»

በሩን ከፍታ ሄደች።

ግንቦት 9

አከራዬ ሳይስል ገባ። ዛሬ ነገ ማለት በቃኝ አለ። እጄ መሳቢያው ውስጥ ነበር፣ ቆርቆሮው ላይ። ክዳኑን ከፍቻለሁ። ልቆጥርለት ነበር... ከላይ ያለው ብር ላይ ዱቄት አየሁ። ወፍጮ የሰጠው። ያ በገዛ እናቱ ለቅሶ እንኳ የቆጠበ ሰው።

መሳቢያውን ዘጋሁት። «ሳምንት ስጠኝ፣ ይኼን ወንበር እሸጥና እከፍልሃለሁ» አልኩት። የሟቹን ወንበር። አንድ ሳምንት ሰጠኝ።

ግንቦት 10

ቅዳሜ። ሱቁ ሙሉ ነው። ወፍጮ ወንበሩ ላይ፣ በስተቀኝ ያለውን ግማሽ ራሱን ጨርሼለታለሁ። አስተማሪውና ሌሎች አግዳሚው ላይ። ጡሩምባ እየጮኸ ገባ። «ቀጠሮ ያዝክ? ዓይኑ መቼ ነው?»

ቶንዶሱን አጠፋሁ። ቆርቆሮውን አውጥቼ መስታወቱ ሥር አስቀመጥኩት።

«ዓይኔ ደህና ነው» አልኩ።

«ገንዘብ ሲያይ ዳነ!» አለ ጡሩምባ። ሳቁ።

«ታሞም አያውቅ። ዋሽቻችኋለሁ።»

ሳቁ ባንዴ አልቆመም፤ አንድ ባንድ ነው የቆመው። አንዴ ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ቀጠልኩ። የታመመው ጭንቅላቴ ነው አልኩ። ምላጭ ስይዝ የማልፈልገው ሐሳብ ይመጣብኛል አልኩ። እረድ፣ እረድ የሚል። አድርጌው አላውቅም፣ አላደርገውምም፤ ሐኪም ጠይቄያለሁ። ግን ይመጣል። ለዚህ ነው ጢም የተውኩት። ገንዘባችሁ ይኸው።

ወፍጮ ከጨርቁ ሥር እጁን አውጥቶ አንገቱን ዳሰሰ።

«እኔንስ ስትላጨኝ?»

«ካለፈው ክረምት ወዲህ... አዎ።»

ብድግ አለ።

«ቁጭ በል ልጨርስልህ። በመቀስ ነው።»

«በማንኪያም ቢሆን አልፈልግም!»

ጨርቁን አንገቱ ላይ በጥሶ በሩ ላይ ወረወረና ወጣ። ግማሽ ራሱን እንደተቆረጠ! በሌላ ቀን ቢሆን መንገዱ ሁሉ በሳቅ ይሞት ነበር። አንዱ ቆርቆሮው ውስጥ እጁን ሰዶ ያዋጣውን አንሥቶ ሄደ። አስተማሪው ተነሥቶ ሊያቅፈኝ ቀረብ አለና ሐሳቡን ቀየረ፣ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። ጡሩምባ ምንም አላለም። ምንም። ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ ሄደ።

ግንቦት 12

ማንም።

ግንቦት 13

አንድ ሰው መጣ፣ ሰዓት ሊጠይቅ።

ማዶ ያሉት ልጆች «አራጁ» ብለው አውጥተውልኛል። ጥሩ ስም ነው፣ በሙዚቃ ይሄዳል።

ግንቦት 15

ወንበሩን ገዙኝ፣ ማዶ ያሉት። ዋጋ አልተከራከርኩም። ተሸክመው መንገድ ሲያሻግሩት አየሁ፣ አንዱ ላዩ ተቀምጦ ሌሎቹ እየገፉት። ባልንጀራዬ በሕይወት ኖሮ ቢያይ... እንኳንም ሞተ። አይ፣ ይህን ሰርዢው። እንኳንም አይባልም። ለአከራዬ ከፈልኩ። የወሩን ብቻ። ለሚመጣው ወር የምሸጠው የለኝም።

ማታ ሚስቴ «አልጋው ሰፊ ነው» አለችኝ። ሌላ አላለችም። ገባሁ። ጀርባዬን ሰጥቻት ነው የተኛሁት። ሐሳቡም አብሮን ተኛ። ሌሊቱን ሙሉ እጄን ብብቴ ውስጥ አድርጌ አደርኩ። እሷ ግን አንኮራፋች! እያንኮራፋች ነው ያደረችው።

ግንቦት 17

ጡሩምባ መጣ። ሱቁን ስዘጋ ጠብቆ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ ሌላ ሰው ነው የመሰለኝ።

«ያ ነገር...» አለ። «ያልከው... በምላጭ ብቻ ነው የሚመጣው?»

«ለምን ትጠይቀኛለህ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ወደ መሬት እያየ፣ «ድልድዩ ላይ» አለ። «ሰው ሙሉ ጭኜ። መሪውን ጠምዝዘው ይለኛል። በቃ ጠምዝዘው። ከጀመረኝ ቆይቷል። ለዚህ ነው የምጮኸው አባባ፣ እንዳልሰማው። ሰው ተጫዋች ነው ይለኛል።»

ምን ይባላል? ሐኪሟ ያለችኝን አልኩት፤ የሚፈልገው ሰው አይፈራውም። ያን ጊዜ ሲያለቅስ አየሁት፣ ያን የሚያህል ሰው።

«ሐኪም ጋ እንሂድ» አልኩት።

«መንጃ ፈቃዴን ቢወስዱብኝስ? አምስት ልጅ አለኝ።»

ለሱ ምን ይሻለዋል፣ ለኔ ያልታወቀው?

ይህን ላስጽፍ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «አስጽፈው። ጡሩምባ የሚባል ሹፌር መቼም ሞልቷል» አለኝ።

ግንቦት 19

ሐኪሟ ጋ ተመለስኩ። ክኒኑን እንደተውኩ ስነግራት አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጄን አስዘርግታ አየች። ክኒኑን በግማሽ ቀነሰችው። «በግማሹ ቀስ ብለን እንጀምር፣ ሲያስቸግርዎ ይምጡ እንጂ ራስዎ አይተዉት» አለች። ሚስቴ ከፈለችልኝ፣ የት እንዳስቀመጠችው የማላውቀውን ገንዘብ። ጡሩምባ እስከ ሐኪም ቤቱ በር አብሮኝ መጥቶ ነበር። አልገባም። «አውቶቡሱ ይጠብቀኛል» አለና ሄደ። ይመለስ ይሆን? አላውቅም።

ግንቦት 22

ወፍጮ መጣ።

ባርኔጣውን እስከ ጆሮው ደፍቷል። በሩ ላይ ቆሞ ውስጡን አየ።

«ማንም የለም?»

«ማን ይኑር? አስወራህብኝ እኮ።»

«አላስወራሁም። ራሴን አይተው ሲጠይቁኝ ነው የተናገርኩት።»

ባርኔጣውን አወለቀ። አምላኬ! ቀኙ የኔ ሥራ ነው፣ አድጎም ያምራል። ግራው... አይጥ የበላው ምንጣፍ።

«ማነው እንዲህ የሠራህ?»

«ሚስቴ። በልብስ መቀስ።»

«ማዶ አትሄድም ነበር?»

«ሄጄ ነበር። አንዱ ሌላውን ጠራው፣ ሌላው ስልኩን አወጣ። ፎቶ ሊያነሱኝ! ወጣሁ።»

አልሳቅሁም። ልስቅ ግን ነበር።

«ጨርሰኝ» አለ። «በመቀስ ብቻ። ምላጭ ዓይኔ እንዳያይ።»

«መሳቢያ ውስጥ ነው። ዋሽቼ የለም አልልህም።»

መሳቢያውን አየ። «እና የምከፍለው ግማሽ ነው። ግማሽ ራስ ነው የቀረኝ።»

«ለፊተኛው ግማሽስ መች ከፈልክ?»

«መች ጨረስክ?»

«ተነሥተህ የሄድከው አንተ! ሙሉውን ትከፍላለህ። አለበለዚያ ባርኔጣህን ደፍተህ ሂድ።»

በሆዴ ሂድ ብዬው እንዳይሄድ እየለመንኩ ነው። በሳምንቱ የገባ ሌላ ሰው የለም። ቢሆንም በግማሽ ዋጋ ቆርጬ አላውቅም፣ አልጀምርም።

ተቀመጠ። ጸሐፊዋ ጠረጴዛዋን ትታ በሩ ላይ ቆመች። ለማናችን እንደፈራች አልጠየቅኋትም።

ጨርቁን ሳስርለት አንገቱ ድንጋይ ሆነ። በሁለት እጁ የወንበሩን ክንድ ጨብጧል። ዓይኑ መስታወቱ ውስጥ እጄ ላይ ነው። መቀሱን አነሳሁ። መጣ፤ እንደ ወትሮው፣ ሳያንኳኳ። ላቤ ፈሰሰ። እግሬ ወደ ጓዳው ተነሥቶ ነበር። አልሄድኩም። ከጆሮው በላይ ቆረጥኩ። ከጆሮው ኋላ ቆረጥኩ። ማጅራቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ።

«መጣ?» አለኝ በመስታወቱ።

«መጣ።»

ምራቁን ዋጠ። ማንቁርቱ ወጣ፣ ወረደ።

«እና?»

«እና ምንም። ቁጭ ብሏል። አንተ አትነቃነቅ።»

አልተነቃነቀም። ቆረጥኩ። ለወትሮው ፈጥኜ የምጨርሰው ራስ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደወሰደብኝ እንጃ፤ ጸሐፊዋ እግሯን ስትቀያይር ሰማኋት። ስጨርስ እኔም እሱም በላብ ርሰናል። ግራና ቀኙን በመስታወት አየ። እንከን ፈልጎ አጣ። ኪሱን ቆፍሮ፣ ቆጥሮ፣ ደግሞ ቆጥሮ ሰጠኝ።

«እመለሳለሁ አላልኩም» አለ በሩ ላይ።

«አልጠራሁህም» አልኩት።

ሙሉውን ነው የከፈለው። እሱን አስምሪበት።